ማስቱራና ቀምሶ የሚሄደው መርከበኛ

ስለ ማስቱራ ሰው ሁሉ የመሰለውን ያወራል። አንዱ "መርከበኛ መስተፋቅር አስነክቷት ነው እንዲህ ሳታገባ የቀረችው" ይላል። ሌላው "ኧረ እሷ ናት ያስነካችው" ይላል። አንዳቸውም አያውቁም። የማውቀው እኔ ነኝ። የእሷና የእኔ ቤት ውሃው ላይ በምሰሶ ቆመው በአንዲት የሳንቃ መተላለፊያ ነው የሚገናኙት፤ እሷ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነኝ። ነገሩ በለየለት ቀን ደግሞ ታንኳው ውስጥ አብሬያት ነበርኩ። እኔ ያላየሁትን አላወራም። ያላየሁትን የማወራው በጣም ሲጣፍጥ ብቻ ነው።

ማስቱራ የምትሸጠው ምግብ ነው፤ ገበያዋ ደግሞ መርከብ ነው። በከተማችን በባንጀርማሲን፣ ትሪሳክቲ ወደብ ላይ መርከብ አንድ ጎኑን ለመሬት ይሰጣል፣ አንድ ጎኑን ለወንዙ። የመሬቱ ጎን የኩሊው፣ የነጋዴው፣ የጉምሩኩ ነው። የወንዙ ጎን የእኛ የሴቶቹ ነበር። ሩዙን፣ ሻዩን፣ ሙዙን፣ ትምባሆውን በየታንኳችን ይዘን፣ እየቀዘፍን ሄደን መርከቡ ሆድ ሥር እንለጠፋለን። እኔ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ትምባሆ እሸጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከትምባሆው ይልቅ የሚወደድልኝ ወሬዬ ነበር። ማስቱራ ግን ድምፅ ነበራት። "ሩዝ ትኩስ፣ ዓሣ ትኩስ" ስትል ማዶ የቆመው መርከብ ላይ የተኛ ሰው ይነቃል። ሰፊው የዘንባባ ባርኔጣዋ ፊቷን ስለሚሸፍነው መርከበኛው መጀመሪያ የሚወደው ድምጿን ነው፤ ኋላ ባርኔጣዋን ቀና ስታደርግም አይቆጨውም።

ባል ነበራት፣ ጃርካሲ የሚባል። ላይኛው አገር የተቆረጠውን ግንድ እንደ ምንጣፍ አሳስሮ፣ እሱም ላዩ ላይ ተቀምጦ በወንዙ የሚያወርድ ሰው ነበር። ወሩን እዚያ ነው፣ ሳምንቱን እዚህ። እዚያ ሌላ ሚስት እንዳገባ እኔ ከማስቱራ በፊት ሰማሁ፤ ከአዲሷ ሚስትም በፊት ሳልሰማ አልቀርም። ኋላ ማስቱራም ሰማች። ልብሱን አጠበችው፣ አሰጣችው፣ አጣጠፈችው፣ ወደ ላይ ለሚወጣ ጀልባ ሰጠችው። እኔን የገረመኝ ማጠቧ ነው። እኔ ብሆን ውሃው ውስጥ እጥለው ነበር፤ ያውም በደንብ ተጨማልቆ።

ያኔ ወደቡ እንደ ዛሬው አልነበረም። ያኔ መርከብ ሲመጣ እንግዳ መጣ ማለት ነው። ግንዱን በሰንሰለት እያነሳ ይጭናል፣ ኮምፔንሳቶውን፣ ጎማውን፣ ቁንዶ በርበሬውን በሰው ጀርባ ይጭናል፣ የሩዙን ጆንያ በሰው ትከሻ ያወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል። ኩሊው ሲጣላ ሥራ ይቆማል። ሁሉም አልቆ ሲነሳ ደግሞ የወንዛችን አፍ ደለል ስለሆነ የባሕሩ ውሃ እስኪሞላ ይጠብቃል። መርከበኛው ሳምንቱን ሁለት ሳምንቱን እዚህ ነው። ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ሱሪ ያሰፋል፣ ዕዳ ይገባል፣ ጥርሱን ያስነቅላል። አግብቶ የሄደም አለ። አግብቶ ያልሄደም አለ፣ አላህ ይስጠው።

ሳኑሲ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው።

ሳኑሲ ቡጊስ ከሚባለው ባሕረኛ ሕዝብ ነው፣ ከባሕር ማዶ ከማካሳር። መርከቡ ላይ የገመድ ሠራተኞች አለቃ ነበር፤ መርከቡ ሲታሰርና ሲፈታ የሚያዘው እሱ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የፊት ጥርሱ ጫፉ የተሸረፈ። ሲስቅ በእጁ አፉን ይሸፍናል። እንደዚያ የሚስቅ ወንድ አደገኛ ነው፤ ሴትን ሁሉ እጁን ከአፉ ላይ ማንሳት ያምራታል።

የተዋወቁት በኬክ ነው። ጫፉ ላይ ምስማር የተመታበት ረጅም ዘንግ አለን፤ ገዢው ከመርከቡ ሆኖ ዘንጉን ይይዝና ከታንኳችን የሩዝ ኬኩን እየወጋ ያነሳል። ሳኑሲ ወጋ፣ አነሳ፣ ኬኩ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ደግሞ ወጋ፣ ደግሞ ወደቀ።

"ዳኤንግ፣ ዓሣዎቹ ጠገቡ። ለራስዎም ይያዙ እንጂ" አለችው ማስቱራ። ዳኤንግ በእነሱ አገር ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

"ይሄ ምስማር ቀጥ ያለ አይደለም" አላት።

"ምስማሩ ቀጥ ያለ ነው። ዓይንዎ ነው ኬኩ ላይ ያልሆነው።"

እኔ አጠገቧ ትምባሆዬን ይዤ ነበርኩ። ትምባሆዬን ለመሸጥ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር ሰው ገበያውን ይተዋል።

ከዚያ ወዲህ የሳኑሲ መርከብ በመጣ ቁጥር ማስቱራ ለእሱ ለብቻው መሥራት ጀመረች። ሐሩዋን የሚባለውን የወንዛችንን ዓሣ ጠብሳ በኮኮናት ወተት ትሠራዋለች፣ ሩዙን በዘንባባ ቅጠል ቋጥራ ትቀቅለዋለች። ከመርከቡ ላይ ወርዶ ወደ ቤቷ ሲመጣ እኔ መስኮቴ ላይ ነኝ። በሩን አትዘጋውም፣ ጨዋ ሴት ናት፤ ስለዚህ ሁሉንም አያለሁ። ይቀመጣል፣ ሳህኑ ይቀርባል፣ እሷ ማዶ ትቀመጣለች። ልክ እጁን ሲታጠብ ወደቡ ላይ የመርከቡ ጥሩምባ ይጮኻል። ወይ ገመድ ላልቷል፣ ወይ ውሃው ሞልቷል፣ ወይ ካፒቴኑ ተቆጥቷል። ሳኑሲ ይነሳል፣ ጣቱን ወጡ ላይ ነካ ያደርጋል፣ ከንፈሩ ላይ ያስነካል፣ ይሄዳል።

ነካ የሚያደርገው በካፑሁናን ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ለሰው "ብላ" ካልከው ሳይቀምስ አይሄድም። ሳይቀምስ የሄደን ሰው ካፑሁናን ያገኘዋል። እባብ ይሁን፣ አዞ ይሁን፣ ከመሰላል መውደቅ ይሁን አይታወቅም፤ ብቻ ያገኘዋል። የባለቤቴ ወንድም የሙዝ ጥብስ "ብላ" ተብሎ "ጠግቤያለሁ" ብሎ ወጣ፤ ገና ከደጁ ሳይርቅ ሳንቃው ተሰብሮ እግሩ ተሰበረ። ሳንቃው በስብሶ ነበር የሚል አለ። ቢበሰብስስ፣ ለምን ያን ቀን ተሰበረ? የቸኮለ ሰው ግን መድኃኒት አለው፤ ጣቱን ነካ አድርጎ ከንፈሩ ላይ ካስነካ ነጻ ነው። ይህቺን መድኃኒት ያወጣት ወንድ መሆን አለበት።

"ነካ አድርጎ ሄደ" ትለኛለች ማስቱራ ሳህኑን ይዛ መጥታ። ወጡን እኔ ነኝ የምበላው። በሳኑሲ ምክንያት ያን ጊዜ እንዴት እንደወፈርኩ።

"ምን አለሽ ሲሄድ?"

"'በሚቀጥለው ቁጭ ብዬ እበላለሁ' አለኝ።"

"ባለፈውም እንደዚያ ነው ያለው።"

"ባለፈው 'ኢንሻአላህ' አላለም ነበር። አሁን ብሏል።"

እንግዲህ ከዚህች ሴት ጋር ምን ትላላችሁ።

ዓመት ዓመትን ወለደ። እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ የመርከቡን ወጥ ቤት፣ ምግብ አብሳዩን፣ ትምባሆ እየሰጠሁ ጠየቅሁት። ሚስት አለችው? የለችም፤ ነበረች፣ ሞታለች። ልጅ? የለም። ሌላ ወደብ ላይ ሴት? ወጥ ቤቱ ሳቀ። "ኒኒ፣ ይህ ሰውዬ ሱራባያ ስንደርስ ሸሚዙን እየሰፋ ነው የሚውለው" አለኝ። ኒኒ ማለት አያት ነው፤ ያኔ እንኳ ገና አያት አልነበርኩም፣ ግን ፊቴ ቀድሞ ደረሰ። ስለዚህ ሰውየው ነጻ ነው። እንግዲያው ምን ያዘው? እኔ እንደገባኝ ሰውየው መሄድ ብቻ ነው የሚያውቀው። መምጣትም ይችላል፣ እሱን አልከለክለውም። ቁጭ ማለት ነው የማይችለው።

ማስቱራን የፈለጋት አልጠፋም። አንድ የሩዝ ነጋዴ፣ ሐጂ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሰው ላከባት። "ምን ጎደለው?" አልኳት።

"ምንም አልጎደለውም" አለች። "ሲበላ ግን ወደ ሳህኑ ብቻ ነው የሚያየው።"

ኋላ ኮንቴይነሩ መጣ። ክሬን የሚሉትን ቀጭኔ የሚያህል ብረት አቆሙ። መሬቱን አጠሩ። ያ ሁሉ ጆንያ፣ ያ ሁሉ ኮምፔንሳቶ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ሳጥኑን ብረቱ ያነሳል፣ ብረቱ ያስቀምጣል። ኩሊዎቹ ቆመው አዩ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የእኔ ትልቁ ልጅ አንዱ ነው፤ አሁን ሞተር ሳይክል ላይ ሰው ያመላልሳል። መርከቡም ሌላ ሆነ። ረጅም፣ ግድግዳው እንደ ገደል። ጠዋት በሞላው ውሃ ይገባል፣ ማታ በሚሞላው ይወጣል። ዝናብ አያቆመውም። መርከበኛው ሱሪ ማሰፋት ቀርቶ መሬት መርገጡም ቀረ። ወደቡ በልቶ የሚጠግብ ሆነ እንጂ አብሮ የሚቀመጥ አልሆነም።

ሳኑሲም አዲሱ መርከብ ላይ ሆነ። አሁን ማስቱራ ታንኳዋን ከሥሩ አቁማ፣ እንደ ረመዳን ጨረቃ አንጋጣ ነው የምታየው። እሱ ባልዲ በገመድ ያወርዳል፣ እሷ ሳህኑን ታስቀምጣለች፣ ባልዲው ይወጣል። እላይ ነካ ያደርጋል፣ ከንፈሩ ላይ ያስነካል፣ ይጠሩታል፣ ሳህኑ ወጡን እንደያዘ በባልዲው ይመለሳል። አንገቷ ታመመባት። ማታ ማታ እኔ ነኝ በዘይት የማሽላት።

"ማስቱራ፣ ሰው ባልዲ አያፈቅርም" አልኳት።

"ገመዱን የሚይዘው እጅ አለ" አለችኝ።

አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ከላይ ወሬ ጣለልኝ። መርከቡ ከእንግዲህ ወደ ባንጀርማሲን አይመጣም፤ ደለሉ አስቸግሮታል፣ ባለቤቶቹ ወደ ሌላ መስመር ሊያዞሩት ነው። የቀረው አንድ ጉዞ ብቻ ነው። የሳኑሲ ውል ደግሞ በዚያው ጉዞ ያልቃል። ከፈለገ እዚሁ ወርዶ ደመወዙን ይቀበላል፤ ከፈለገ ሱራባያ ሄዶ ለሌላ መርከብ ይፈርማል፣ እሱም ሩቅ የሚሄድ፣ በዓመት አንዴ እንኳ እዚህ የማይደርስ።

ይሄን ለማስቱራ ስነግራት ዓሣ እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋ ቆመ።

"እሱ ምን አለ?"

"ወጥ ቤቱ 'ወንዝ ወንዙን ያያል' ነው ያለኝ።"

"እኔ ሄጄ 'ውረድ' አልለውም፣ ኒኒ። አንዴም ባል ለምኜ አላውቅም።"

"ማን ለምኚ አለሽ" አልኳት። እኔ ወሬውን ከሰማሁ ጀምሮ ሳስብበት ነው የዋልኩት። የቢትል ቅጠሌን አኘክሁ፣ ምራቄን ወንዙ ውስጥ ተፋሁ፣ ጠጋ አልኩ። "ጥሪው እንጂ። 'ሠርቻለሁ፣ ይብሉ' በይው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳህኑን ግን ባልዲው ውስጥ አታስቀምጪ። ታንኳው ላይ ይቀመጥ። ሳይቀምስ መሄድ አይችልም፤ ለመቅመስ ደግሞ መውረድ አለበት። ከወረደ በኋላ መርከቡ ይሂድ።"

አየችኝ። "ይሄ ኃጢአት ነው።"

"ምግብ ሠርቶ ሰው መጥራት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?"

"ካልወረደስ?"

"ቡጊስ ነው፣ ግን በዚህ ወንዝ ላይ አርጅቷል። ከእኛ የበለጠ ይፈራል። ሲወርድ ታያለሽ።"

ቢላዋዋን አነሳች፤ ዓሣውን በጥንቃቄ ነው የከተፈችው፤ እንደ ሠርግ።

መርከቡ ለመጨረሻ ጊዜ ገባ። ማስቱራ ሠርታ ስትጨርስ ከሰዓት ሆኗል። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ ታንኳው መሃል አስቀመጠች፣ ሌላውን የሚሸጠውን ሩዝ ከኋላ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። "አንቺ ወዴት ነሽ?" አለችኝ። "ሚዛን ልጠብቅልሽ ነው" አልኳት። ይሄን የመሰለ ነገር ሳላይ ልሙት እንዴ?

መርከቡ አጠገብ ስንደርስ የጥበቃው ሞተር ጀልባ እየተንደቀደቀ መጣ። ላዩ ላይ ያለው ሳርካዊ ነው፣ የሰፈራችን ልጅ።

"ኒኒ፣ መቅረብ ክልክል ነው" አለኝ።

"አንተን ያዋለድኩህ እኔ ነኝ። እኔም ያን ቀን 'ክልክል ነው' ብል ኖሮ የት ትሆን ነበር?"

"ኧረ ኒኒ፣ አለቃዬ ያያል።"

"አለቃህ ሲመጣ ያኔ ጩህብን። እስከዚያ ዞር በል፣ ማዕበልህ ወጡን ያፈስብናል።"

ፈገግ ብሎ ሞተሩን ቀንሶ ራቅ አለ። እናቱን ብታውቋት እሱም ጥሩ ልጅ እንደሆነ ይገባችኋል።

ሳኑሲ የመርከቡ የኋላ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሸምግሏል። የሸሚዙ ክንድ ላይ የተሰፋው ከታች ይታያል። ማስቱራ ባርኔጣዋን አወለቀች። ስትሸጥ አውልቃው አታውቅም።

"ዳኤንግ ሳኑሲ፣ የሐሩዋን ወጥ ሠርቻለሁ። ይብሉ" አለች። ያ ድምፅ የመርከቡን ግድግዳ መትቶ ወጣ። ሠራተኞቹ ሁሉ አንገታቸውን አወጡ።

ሳኑሲ ባልዲውን አወረደ። ባልዲው መጣ፣ አጠገባችን ተንጠለጠለ። ማስቱራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ማስቱራ፣ ባልዲው" አለ ከላይ።

"አየሁት።"

"ምነው?"

"ምግቡ ታንኳው ላይ ነው፣ ዳኤንግ። የሚበላ ሰው ይወርዳል።"

አንዱ መርከበኛ አፏጨ። "አለቃ፣ ተያዙ" አለው። ሌላው "አጪል ማስቱራ፣ እኔ ልውረድልሽ? እኔ ሳህኑንም እበላዋለሁ" አለ። አጪል አክስት ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራ ወንድ አያሰጋም። ሳኑሲ ግን አልሳቀም። ተጠርቷል፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ አልቀመሰም። ገብቶታል። ከታች እንኳ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"ይሄ ጨዋታ አይደለም" አላት።

"እኔም አልተጫወትኩም።"

"መሰላሉ ተነስቷል። ውሃው እየሞላ ነው፣ ልንፈታ ነው። አሁን ብወርድ እንደገና አያወጡኝም።"

"እሱን ነው የምልህ" አለችው። 'እርስዎ' ማለቷን የተወችው ያኔ ነው። ስንት ዓመት 'እርስዎ' ብላው። "ውረድና አትውጣ። ቤቱን ታውቀዋለህ። ቁጭ ብለህ ብላ።"

ሰውየው የመርከቡን መደገፊያ ብረት ያዘ። ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ፤ ግድግዳው ስላስተጋባው ሁሉንም ሰማነው።

"ማስቱራ፣ እኔ መሬት ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ የሞተች ጊዜ አገሬ ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የማሰሪያው ገመድ የላላ እየመሰለኝ እየተነሳሁ በር አያለሁ። እህቴ አበደ ብላ አለቀሰች። አንቺ አጠገብ እንደዚያ ሆኜ... እንደዚያ ሆኜ ታዪኛለሽ?"

"አያለሁ" አለች። "እኔስ አንተ ባልመጣህበት ሌሊት ሁሉ እዚህ ብቻዬን በር አይቼ የለም እንዴ?"



ከዚያ ጥሩምባው ጮኸ። ጎታቿ ትንሽ ጀልባ ከመርከቡ ፊት መጥታ ገመድ ተቀበለች። እላይ አንድ መኮንን ነጭ ቆብ አድርጎ ሳኑሲን በእጁ እየጠራ ይጮኻል። ኋለኛው ገመድ መፈታት አለበት። የመርከብ ገመድ ሲወጠር አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እንደ ክራር ይዘምራል። ከተበጠሰ ሰውን ለሁለት ይከፍላል፤ እዚሁ ወደብ ላይ ሲከፍል አይተናል፣ ስሙን አልጠራም፣ እናቱ በሕይወት አለች። ያንን ገመድ የሚፈታው ሳኑሲ ነው። አሁን ደግሞ ተጠርቶ ያልቀመሰ ሰው ነው።

ሳኑሲ የባልዲውን ገመድ ብረቱ ላይ አሰረና ዞረ። ጀርባውን አየነው። ወደ ገመዱ ሄደ።

ማስቱራ ብድግ አለች። ታንኳው ተናወጠ። "ሳኑሲ" አለች፣ እንደ ሩዝ ሻጭ ሳይሆን። "ተመለስ። ቅመስ። አንተ ሰውዬ፣ ሳትቀምስ እንዳትነካው።"

እኔ እጇን ያዝኳት። "ተይው" አልኳት በሹክሹክታ። "ፈርቷል። ትንሽ ብትታገሺ ይወርዳል።"

እጄን መታችኝ። አዎ፣ እኔን። እናቷን የምሆነውን። ጨርቁን ገፈፈች፣ ሳህን አልፈለገችም፣ ድስቱን እንዳለ ከነትኩሳቱ አንስታ ባልዲው ውስጥ አስገባች፣ የዘንባባ ሩዙን ላዩ ላይ ጫነች። ጣቷ ተቃጥሎ ነበር፣ ኋላ ነው ያየሁት። "ሳቡት" ብላ ጮኸች። ያ 'ልውረድልሽ' ያለው ቀልደኛ ዘሎ ገመዱን ሳበ። አሁን አይስቅም።

ባልዲው ወጣ። ሳኑሲ ገመዱ አጠገብ ደርሶ ነበር፤ ድስቱን ይዘው ሮጡለት። ጣቱን ወጡ ውስጥ ከተተ፣ ከንፈሩ ላይ አስነካ። ማስቱራ ታንኳው ውስጥ ቁጭ አለች። ሳኑሲ ከዚያ ገመዱን ፈታ። ገመዱ ውሃው ውስጥ በሰላም ወደቀ፣ ወዛደሮቹ ከመሬት ለቀቁት፣ መርከቡ ከወደቡ ተላቀቀ። አልሃምዱሊላህ፣ ማንም አልተነካም።

እንደ ሁልጊዜው ድስቱ በባልዲው የሚመለስ መስሎን ነበር። አልተመለሰም። ሳኑሲ ድስቱን ይዞ ወደ ኋለኛው ጫፍ መጣ፣ የገመድ ማሰሪያው ብረት ላይ ቁጭ አለ፣ ድስቱን ጉልበቱ መሃል አደረገ። መኮንኑ ይጮኻል። እሱ ይበላል። ሩዙን ከቅጠሉ ፈቶ፣ ወጡ ውስጥ ነክሮ፣ ዓሣውን ከእሾሁ እየለየ፣ ቀስ ብሎ። መርከቡ ዞረ፣ እኛ ተከተልነው። ማስቱራ እንደዚያ ስትቀዝፍ አይቼ አላውቅም፤ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል። አንድም ጊዜ ወደ ድስቱ አላየም። ወደ እሷ እያየ ነው የበላው።

"ጎረሰ" ትላለች። "ደግሞ ጎረሰ። ጭንቅላቱን ጀመረው። ኒኒ፣ ጭንቅላቱን እየበላ ነው።"

"ያያል ዓይኔ" አልኳት፣ ምንም እንኳ ዓይኔ ከዚያ ርቀት ሰውና ምሰሶ ባይለይም።

የሳርካዊ ጀልባ መጥታ ከፊታችን ቆመች። ልጁ እጁን ዘረጋ፣ እስከዚህ ነው ማለቱ ነው። ቆምን። የመርከቡ ማዕበል ታንኳውን ከፍ ዝቅ አደረጋት። ሳኑሲ ተነስቶ ድስቱን በሁለት እጁ አዘቅዝቆ አሳየን። "አንዲት ጠብታ አልወረደችም" አለችኝ ማስቱራ። ከዚያ መርከቡ መታጠፊያው ጋ ደረሰ፣ ዛፎቹ ሸፈኑት።

ሳኑሲ ሱራባያ ሄዶ ለሌላው መርከብ ፈረመ፤ ይሄን ወጥ ቤቱ ኋላ በሰው ልኮልኛል። የእሷ ድስት መኝታው አጠገብ ነው አሉ። እኔ አላየሁም።

ያን ቀን ግን ታንኳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልን። የታንኳው አፍንጫ ወደ ባሕሩ እንደዞረ ነው፤ ማስቱራ መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ነክራ ይዛዋለች፣ አትገፋም፣ አትመልስም። መርከቡ ወንዙ አፍ ላይ ውሃው እስኪሞላ እንደሚቆም እኔም እሷም እናውቃለን። እዚያ ደግሞ ለታንኳ ሩቅ ነው፤ ማዕበሉ ይገለብጣል።

"ጨው አልበዛበትም?" አለችኝ በመጨረሻ። "እኔ አልቀመስኩትም ነበር። ሁለት ጊዜ ሳልጨምር አልቀርም።"

ከመነሳታችን በፊት ተደብቄ ከድስቱ ቀምሼ ስለነበር አውቃለሁ። በዝቶ ነበር። እንደ ባሕር ነበር።

"ልክ ነው" አልኳት።

ማዶ የቆመ ሌላ መርከብ ላይ አንድ ሰው ባልዲ እያወዛወዘ "አጪል፣ ሩዝ አለ?" እያለ ይጣራል። ደግሞ ተጣራ። ማስቱራ ባርኔጣዋን ከታንኳው ወለል አነሳች፣ ውሃውን አራገፈች፣ አጠለቀች። ፊቷን ከዚያ በኋላ ስላላየሁት ስለ ፊቷ ምንም አላወራም። "መጣሁ" ብላ መለሰች፤ ድምጿ ሰው የሚቀሰቅስ አልነበረም፣ ግን ሰውየው ሰምቷል። ታንኳዋንም አዞረች።